«መጽሐፍ ቅዱስ አያነቡም እንዴ?» የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚደግፉ አብያተ ክርስቲያናት እዚያ እንዴት ደረሱ

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ከእህቴ ልጅ ጋር በእግራችን ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድን። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። መዘምራን ውስጥም ታገለግላለች። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቡናው እስኪፈላ ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሁለት ሴቶች ነጭ ለብሰው መሠዊያ ፊት ቆመዋል። የምታጋባቸው ቄስ ናት። የለበሰችው ልብስ የኛ ቄሶች በበዓል ቀን ከሚለብሱት ብዙም አይለይም። ከጀርባዋ መስቀል አለ። የሚዘመረውም ዜማ እኛ የምናውቀው ነው።

ልጅቷን ያስደነገጣት ጋብቻው ብቻ አይደለም። መመሳሰሉ ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ አያነቡም እንዴ?» አለችኝ።

ያነባሉ። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። «ፈረንጅ እምነቱን ጣለ» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ግን ልክ አይደለም። እምነቱን የጣለ ሰው በቤተ ክርስቲያን ስለመጋባት አይጨቃጨቅም። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይፈርማል፣ በቃ። ለዓመታት የተከራከሩት፣ ድምፅ የሰጡት፣ በመጨረሻም የተለያዩት አማኞች ናቸው። እኛ ደግሞ መልሱን ሳንሰማ ፍርዱን ሰጥተናል። ለልጅቷ በዚያ ቀን በደንብ አልመለስኩላትም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ጉዳዩ ለሐዋሳ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በዚህ ከተማ አብዛኛው ሰው ፕሮቴስታንት ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ መካነ ኢየሱስ ናቸው። የታቦር ሴሚናሪም እዚሁ ነው። ወንጌል ወደ ሲዳማ ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ነው። ሚሲዮናውያኑ በኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጀመሪያ መጡ። የይርጋለም ሆስፒታል ሲነሳ ስማቸው አብሮ ይነሳል። ስዊድኖቹ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው በ1866 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደርሰዋል። በጥር 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ራሷን ችላ ስትቋቋም አባላቷ 20 ሺህ ያህል ነበሩ። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ትገልጻለች። በቁጥር ከስዊድኗም ከአሜሪካዋም የሉተራን እህቷ ትበልጣለች ማለት ነው።

ይቺ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዝም ብላ ተቀባይ ሆና አታውቅም። በ1964 ዓ.ም.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለምዕራባውያን አጋሮቿ አንድ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ጭብጡ ግልጽ ነው። ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፤ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ግን እጃችሁ ይሰበሰባል፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ አትክፈሉት የሚል ነው። ደብዳቤው በሉተራን ዓለም ትልቅ ውይይት አስነሳ። በ2005 ዓ.ም. የሆነውን ሳስብ ሁሌ ይህ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ተግሣጽ ለአጋሮቹ አዲስ አልነበረም።

በዚያ ዓመት በጥር ወር ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ አበባ ተሰበሰበ። ፕሬዚዳንቱ ቄስ ዶክተር ዋቅስዩም ኢዶሳ ነበሩ። ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን፣ ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንና የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በይፋ ከተቀበሉ ሌሎች ጋር ያለው ግንኙነት እንዲቋረጥ ጉባኤው አጸደቀ። ብዙ ሰው ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ ያሰበው የእርዳታውን ገንዘብ ነው። እኔን የነካኝ ሌላው ነው። የመካነ ኢየሱስ ተወካዮች ከእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ቄሶች እጅ የጌታን እራት እንዳይቀበሉ ተወሰነ። አብሮ መብላት ለለመደ ሕዝብ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ማዕድ መለየት ነው።

ታዲያ እነዚያ ምን ወስነው ነው?

ስዊድን ውስጥ መጀመሪያ የተለወጠው የመንግሥት ሕግ ነው። ከሜይ 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በሕግ መጋባት ቻሉ። በስዊድን ደግሞ ቄስ የሚፈጽመው ጋብቻ በመንግሥት ዘንድ ይጸናል። ስለዚህ ጥያቄው ወዲያው ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 22 ጉባኤው 176 ለ62 በሆነ ድምፅ፣ በ11 ድምፀ ተአቅቦ፣ እናጋባለን አለ። ይህን ጋብቻ መፈጸም የማይፈልግ ቄስ ግን አይገደድም።

የአሜሪካው በጣም ጠባብ ነበር። በኦገስት 2009 ሚኒያፖሊስ ላይ የሉተራኖቹ ጉባኤ ስለ ፆታና ስለ ጋብቻ አንድ ሰነድ ለድምፅ አቀረበ። ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልገዋል። 676 ደገፉ፣ 338 ተቃወሙ። አስሉት፤ ልክ ሁለት ሦስተኛ ነው። አንድ የደገፈ ሰው ቢቀር ኖሮ ይወድቅ ነበር። ከዚያ በተመሳሳይ ፆታ ዘላቂ ግንኙነት ውስጥ ያሉ ሰዎች ቄስ መሆን እንዲችሉ የሚፈቅደው ውሳኔ 559 ለ451 አለፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ በዋናው ስለ አገልጋዮች የተሰጠ ውሳኔ ነው። ሰነዱም ሁሉንም አንድ ሐሳብ አላስያዘም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ የተለያየ አቋም እንዳለ፣ እያንዳንዱም ከሕሊና የመነጨ መሆኑን ተቀብሎ አብረን እንኑር አለ። ብዙዎች አልቻሉም። ወጥተው በ2010 እ.ኤ.አ. የሰሜን አሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ።

ለእኛ ለደቡቦቹ ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን በ2017 እ.ኤ.አ. የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሥርዓት አጸደቀች። ሲዳማ የመጣው የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ግን ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ ይህን አልተቀበለም። «ኖርዌዮቹ ተለወጡ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የትኞቹ ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። መጽሐፉን እንዴት አንብበው ነው?

ከቃሉ እንጀምር። እኛ በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ አፋችንን ስንከፍት «ግብረ ሰዶም» እንላለን። የወንጀል ሕጋችንም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የሰዶም ሥራ ማለት ነው። ክርክሩ ሳይጀመር ቃሉ ፈርዷል። ዘፍጥረት 19 ላይ ያለው ታሪክ ቋንቋችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የሚደግፉት አማኞች ይህን ታሪክ ሲያነቡ የከተማው ሰዎች እንግዶችን በጉልበት ለመድፈር መምጣታቸውን ያያሉ። ከዚያ ሕዝቅኤል 16፥49ን ይገልጣሉ። እዚያ የሰዶም ኃጢአት ተብሎ የተጻፈው ትዕቢት፣ ጥጋብና ለድሀው እጅ አለመዘርጋት ነው። ስለዚህ ታሪኩ በፈቃዳቸው ቃል ኪዳን ስለሚገቡ ሁለት ሰዎች አይናገርም ይላሉ። የሚቃወሙትም መልስ አላቸው። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 50ን ያነባሉ፤ ርኩሰት የሚል ቃል አለበት። የይሁዳን መልእክት ቁጥር 7 ይጨምራሉ። ሮሜ 1ንና ዘሌዋውያን 18ን ሳይነኩ መቼም አያልፉም።

ሁለተኛው ክርክር ግን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ልዩ ነው። ስሰማው ደንግጫለሁ ብል አላጋነንኩም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8፣ የህንደኬ ጃንደረባ። ይህ ታሪክ የኛ ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ካቶሊኩም ይኮራበታል። ሥዕሉ በየቤቱ አለ። ደጋፊዎቹ ይህን ታሪክ የሚያነቡት «ኢትዮጵያዊ» በሚለው በኩል አይደለም፤ «ጃንደረባ» በሚለው በኩል ነው። ዘዳግም 23 ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ኢሳይያስ 56 ደግሞ ጃንደረባው ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል፣ በቤቴ ስም እሰጠዋለሁ ይላል። ሰውዬው በሠረገላው ላይ እያነበበ የነበረውም ኢሳይያስን ነው። ከዚያ ውኃ አየና እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስ ሕጉን ጠቅሶ አልመለሰውም። አጠመቀው። እንግዲህ በፆታው ምክንያት በሕግ ከደጅ የቀረ ሰው በመንፈስ መሪነት ገባ፤ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይህን ታድርግ ይላሉ።

ይህን ንባብ ሁሉም አይቀበለውም። የሚቃወሙት ጃንደረባው ተጠመቀ እንጂ አላገባም ይላሉ። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 19 ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ ወደ ዘፍጥረት ተመልሶ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው ማለቱን ያስታውሳሉ። ይህ ለእኔ ክብደት ያለው መልስ ነው። ግን ልጅቷን አንድ ነገር ልላት እፈልጋለሁ። ይህ ክርክር መጽሐፍ ቅዱስን በሚያነቡና በማያነቡ መካከል አይደለም።

ሌላው ምክንያት የቆየ ነው፤ ከሉተር ይጀምራል። በኦርቶዶክስም በካቶሊክም ጋብቻ ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ነው። እዚህ ሐዋሳ ገብርኤል በተክሊል የተጋባ ሰው ምስጢር ፈጽሟል። ሉተር ግን ጋብቻን ከምስጢራት ቁጥር አወጣው። በ1529 እ.ኤ.አ. ለቄሶች ባዘጋጀው የጋብቻ ሥርዓት ላይ ጋብቻ የዓለም ጉዳይ እንደሆነ፣ ሥርዓቱንም በዋናነት መደንገግ የከተማው አስተዳደርና የሕዝቡ ልማድ ፈንታ እንደሆነ ጻፈ። ቄሱ ሲጠየቅ ይባርካል፣ ይጸልያል። ሉተር ይህን ሲል ስለ ተመሳሳይ ፆታ እያሰበ አልነበረም፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን በሩ የተከፈተው በዚያ በኩል ነው። ጋብቻን የሚደነግገው መንግሥት ከሆነ፣ መንግሥት ሲለውጠው ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ? የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የገጠማት ጥያቄ ይህ ነው። ለውጡ በሉተራኖች፣ በአንግሊካኖችና በፕሬስቢቴሪያኖች ዘንድ ቀድሞ፣ በኦርቶዶክስ ዘንድ ያልታሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚያ ጋር ካህናትና ምእመናን አብረው ድምፅ ይሰጣሉ። ጋብቻን እንደ ምስጢር ለያዘ ቤት ግን እጅ በማውጣት የሚወሰን ነገር አይደለም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መሠዊያው ነው። መብት የሚለው ቃል ሲመጣ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ላይ ነው።

አንድ የሃይማኖት ተቋም የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን መብት ይደግፋል ሲባል አንድ ነገር ማለት አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 በአትላንታ የተሰበሰበው የአሜሪካው የተባበረችው የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ይሁን አለ። እያንዳንዱ አጥቢያ ግን በራሱ መሠዊያ ላይ የሚያደርገውን ራሱ ይወስናል። የአሜሪካ ተሐድሶ አይሁዳውያንም (ለዘብተኛው የአይሁድ እምነት ክንፍ) መጀመሪያ የደገፉት የሕግ ጋብቻን ነው፤ ረቢዎቹ ሥርዓቱን ስለመፈጸማቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲወስኑ ለየረቢው ሕሊና ተዉት። የአሜሪካ አንግሊካኖች የሆኑት ኤፒስኮፓሎችና የአገሪቱ ፕሬስቢቴሪያኖች በ2015 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የጋብቻ ሥርዓት ለወጡ። በዚያው ዓመት ጁን 26 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ጋብቻው በመላው አገሪቱ እንዲፈቀድ ወሰነ። ውሳኔው ግን የሃይማኖት ተቋማት በተቃራኒው ማስተማር እንደሚችሉም ጽፏል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የ2013ቱ ሕግ ጋብቻውን ሲፈቅድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እንዳታጋባ በዚያው ሕግ ከልክሏታል። አስቡት፤ ሕግ ፈቀደ፣ መሠዊያው ተዘጋ፣ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ።

«ይህ የነጭ ጉዳይ ነው» የሚለውን ቶሎ ልለፈው፤ አይደለምና። ደቡብ አፍሪካ ሕጉን ያወጣችው በ2006 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ላይ ነው፣ ከአሜሪካው ፍርድ 9 ዓመት ያህል ቀድማ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ እንደነዚህ ያሉ ሰዎችን የሚጠላ መንግሥተ ሰማያት ቢኖር አልገባም፣ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሌላው ቦታ እሄዳለሁ ብለዋል። የእሳቸው ክርክር ከአፓርታይድ ትግል የመጣ ነው፤ ሰው ባልመረጠው ነገር አይገፋ የሚል። የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን አልተከተለቻቸውም። የደቡባዊ አፍሪካ አንግሊካን ሲኖዶስ በ2016 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ጥንዶች ቡራኬ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ጣለው። ሌላውም ዘንድ ስንጥቁ ያው ነው። የተባበረው ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሻርሎት ላይ በዚህ ጉዳይ የቆዩ ክልከላዎቹን ሲያነሳ የኮትዲቯር ሜቶዲስቶች በዚያው ወር ለመውጣት ድምፅ ሰጡ። ቫቲካን በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ካህናት በተመሳሳይ ፆታ ጥንድነት ያሉ ሰዎችን ሊባርኩ እንደሚችሉ ጽፋ ነበር። ጋብቻ አይደለም፣ ሥርዓተ ጸሎትም አይደለም ብላ አጥብቃ አስረድታለች። የአፍሪካ ጳጳሳት ግን በጃንዋሪ 2024 በኮንጎው ካርዲናል አምቦንጎ ፊርማ በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ይህ አይደረግም ብለው መለሱ።

የኛ አገር ሕግስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻን የሚያስቀምጠው በወንዶችና በሴቶች መካከል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ሦስት መንገድ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። እንግዲህ መሠዊያና መዝገብ ሁለት ነገር መሆናቸውን እኛም እናውቃለን። ለውጭ አገር ሰዎች ብቻ የተሰጠ ሐሳብ አይደለም። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ራሱን በቀላል እስራት ይቀጣል። ስለዚህ እዚህ አገር ስለ ጋብቻ መብት ማውራት ብዙ ርቆ የሚሄድ ወሬ ነው። ከፊቱ የእስር ቤቱ ጥያቄ አለ። አንድም ዋና የሃይማኖት ተቋማችን ጋብቻውን አይደግፍም፤ አቋማቸውንም ደጋግመው ተናግረዋል።

የእስር ቤቱን ጥያቄ ግን ጋብቻውን የማይቀበሉ የሃይማኖት መሪዎችም አንስተውታል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. በሰጡት ቃለ ምልልስ እንዲህ መሆን ወንጀል አይደለም አሉ። ኃጢአት ነው ለሚል ሰው ደግሞ መልሳቸው መጀመሪያ ኃጢአትንና ወንጀልን እንለይ የሚል ነበር። በሚቀጥለው ወር ከጁባ ሲመለሱ፣ ያው ጎረቤታችን ከሆነችው ጁባ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ አብረዋቸው ነበሩ። ሦስቱም በአንድ ድምፅ ሰውን በዚህ ምክንያት ማሰርን ተቃወሙ። ስለ ጋብቻው ግን ሦስቱ ቤተ ክርስቲያኖች አንድ አይነት አቋም የላቸውም።

ኃጢአትና ወንጀል። በአማርኛ ሁለት ቃል አለን፤ አንዱ ለንስሐ አባት፣ አንዱ ለፖሊስ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን አንድ አድርገናቸዋል።

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት፣ አብረን የምናገለግል፣ አምሽቶ ቤቴ መጣ። የሚናገረውን ለመናገር ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሳይጨርሰው ገባኝ። እኔም ቶሎ ብዬ ጸለይኩለትና ሸኘሁት። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩትም። ፈርቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። የት እንዳለ አላውቅም። ስለ ስዊድን ጉባኤ ድምፅ ቆጠራ ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ባነብ ኖሮ ቢያንስ ተቀምጬ አዳምጠው ነበር።

ለእህቴ ልጅ ያልኳትን ልንገራችሁ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። «ታዲያ አንተ ከየትኛው ነህ?» አለችኝ። ስለ መሠዊያው የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት እቀበላለሁ አልኳት፤ የማቴዎስ 19ን መልስ ማለፍ አልቻልኩም። ያችን ቄስ ግን እምነት የላትም አልልም። እስር ቤቱ ደግሞ በኔ እምነት ስም እንዲከፈት አልፈልግም፤ ያ ልጅ ነገ ተመልሶ በሬን ቢያንኳኳ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ዝም አለች። ቪዲዮውን ዘጋችው። ከዚያ የኢሳይያስን ምዕራፍ ስንት ነው ያልከኝ ብላ ጠየቀችኝ። 56 አልኳት።